ጤናማ የጥድ ዘር ለተራቆቱ ደጋማ ቦታዎች
ነፍሳት ተባዮችን ስለ መከላከልና በሽታን የሚቋቋሙ የዘር ዛፎችን ስለ መምረጥ

በድርቅ የተጎዱ አካባቢዎችን መልሶ ለማቋቋም ከሚከናወኑት ተግባሮች መካከል የተራቆቱ ተራሮችን በዛፍ ማልበስ ከፍተኛ ስፍራ ይዟል። በ1973 እና በ1974 በወሎና በትግራይ፣ ከዚያም በ1984 እና በ1985 በሰፊው የሀገሪቱ ክፍል ከደረሰው ረኀብ በኋላ፣ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር አማካይነት እርከን ሲሠራ፣ ጉድጓድ ሲቆፈርና ችግኝ ሲተከል ቆይቷል። በ2019 የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብርም ችግኝ ተከላውን በላቀ ስፋት አካሂዷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በተተከሉት ችግኞች ብዛት ነው። ቀጥሎም ምን ያህሉ እንደ ጸደቁ ይጠየቃል። ችግኙ ከየትኛው ዛፍ ከተለቀመ ዘር እንደ በቀለ ግን እምብዛም አይጠየቅም። አንድ ጥድ ከተተከለ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት፣ ገበሬው ለቤቱ ማገርና ወራጅ ይሆነኛል ብሎ በሚጠባበቅበት ጊዜ በተባይ ደርቆ ቢቀር፣ ኪሳራው የእንጨቱ ብቻ አይደለም። የግጦሽ መሬቱን ከልሎ፣ ጉልበቱን አፍስሶ የጠበቀው ማኅበረሰብ ዳግም ለመትከል ያለው ፈቃደኝነትም አብሮ ይደርቃል። ስለሆነም የዛፉ ዕድል በከፊል የሚወሰነው ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት፣ ዘሩ በሚለቀምበት ጊዜ መሆኑን የመስክ ኃላፊዎች ሊገነዘቡት ይገባል።

ሀ. ጉዳዩ የሚመለከታቸው አካባቢዎች

በ1984 እና በ1986 መካከል ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተዛውሮ ነበር። ከሠፈራ ጣቢያዎቹ ብዙዎቹ፣ እንደ መተከልና ጋምቤላ ያሉት፣ ሞቃት ቆላዎች ናቸው። በእነዚህ ስፍራዎች የጥድ ችግኝ መትከል ለዛፉም ለሠፋሪውም አይበጅም፤ ለቆላ የሚስማሙ ሌሎች ዛፎች አሉ። ጥድ የሚያስፈልገው ሕዝቡ ተነሥቶ በሄደባቸውና ዛሬም በርካታ ሕዝብ በሚኖርባቸው ደጋማና ወይናደጋማ ቦታዎች ነው። መሬቱ ሲያገግም ሰው ከቀዬው የሚነሣበት ምክንያት ይቀንሳልና፣ የደጋው ደን ከሠፈራ ጉዳይ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

በእነዚህ ቦታዎች በብዛት የሚገኙት ጥዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የሐበሻ ጥድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ የሀገሪቱ ነባር ዛፍ ነው። እድገቱ ዝግተኛ ቢሆንም እንጨቱ ምስጥን በመቋቋም የታወቀ ነው። ሁለተኛው የፈረንጅ ጥድ፣ ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ፣ ተፈጥሯዊ ሀገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ፈጥኖ ስለሚያድግና ቀጥ ያለ ግንድ ስለሚያወጣ በሰው ሠራሽ ደኖች፣ በግቢ አጥርና በንፋስ መከላከያ ረድፎች በሰፊው ተተክሏል። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ፣ ከጥቂት እናት ዛፎች በተገኘ ዘር፣ በሰፊ ቦታ ላይ ሲተከል ለተባይ የተዘጋጀ ማዕድ ይሆናል።

ለ. የጥድ ክሽክሽ

በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የጥድ ደኖች ላይ ከፍተኛ ጥፋት ካደረሱት ነፍሳት ዋነኛው የጥድ ክሽክሽ፣ ሲናራ ኩፕሬሲቮራ፣ ነው። መነሻው ከግሪክ እስከ ካስፒያን ባሕር ደቡብ ድረስ ያለው አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1986 በማላዊ ሲሆን፣ በ1990 ኬንያ ደረሰ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ በኢትዮጵያ ተመዘገበ። በአፍሪካ በዚህ ተባይ የደረቁት ዛፎች ዋጋ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል። ጉዳቱ በፈረንጅ ጥድ ላይ ብቻ ሳይወሰን የማላዊ ብሔራዊ ዛፍ የሆነውን የሙላንጄ ዝግባ አጥቅቷል፤ የሐበሻ ጥድንም አልማረም።

ክሽክሹ ቡናማ፣ ከሁለት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሚደርስ፣ በቅርንጫፍ ላይ ተሰብስቦ የሚኖር ነፍሳት ነው። አፉን በልጡ ውስጥ ተክሎ ዛፉ በቅጠሉ ያዘጋጀውን ምግብ ይመጣል። ምራቁ ለዛፉ መርዝነት ስላለው ጉዳቱ ከተመጠጠው ፈሳሽ በላይ ነው፤ ቅርንጫፉ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ በመጨረሻም ይደርቃል። ከክሽክሹ የሚወጣው ማር መሰል ፈሳሽ በቅጠሉ ላይ ሲንጠባጠብ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይበቅልበታል፤ ይህም ብርሃን ለቅጠሉ እንዳይደርስ ያግዳል።

በሞቃታማው ክልል የሚገኙት ክሽክሾች ሴቶች ብቻ ሲሆኑ፣ ያለ ወንድ ሕይወት ያላቸውን ልጆች ይወልዳሉ። በመሆኑም አንዲት ክሽክሽ በአንድ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ላይ ተሳፍራ ወደ አዲስ ወረዳ ብትገባ መንጋ ለማቋቋም ትበቃለች። ቁጥራቸው በአብዛኛው የሚያሻቅበው በደረቁ ወራት፣ ዛፉ በውኃ እጥረት በተዳከመበት ጊዜ ነው። ድርቅና ተባይ በአንድ ዛፍ ላይ የሚገናኙትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ከወትሮው የበለጠ ጥበቃ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይህን ተባይ በሰፊ ደን ላይ መድኃኒት በመርጨት ማጥፋት አይቻልም። ወጪው ከእንጨቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ መድኃኒቱም የክሽክሹን ጠላቶች፣ ንቦችንና የምንጭ ውኃን ይጎዳል። የተሻለው መንገድ ተፈጥሯዊ ጠላቱን ማሰማራት መሆኑ በማላዊ ታይቷል። በ1994 ፓውዜያ ዩኒፔሮረም የተባለች ጥቃቅን ጥገኛ ተርብ ከአውሮፓ መጥታ በደኖቹ ውስጥ ተለቃለች። ተርቧ እንቁላሏን በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ዕጭ ክሽክሹን ከውስጥ በልቶ ይገድለዋል። ተርቧ በስፍራው ተላምዳ ተራብታለች። ይሁን እንጂ ጥገኛ ተርብ ሥራዋን የምትፈጽመው ክሽክሹ ከበዛ በኋላ እየተከተለች ነው። ዛፉ ራሱ የመቋቋም ኃይል ካለው የሁለቱ ጥምረት አስተማማኝ ይሆናል።

ሐ. ነፍሳትና በሽታ ሲተባበሩ

ነፍሳት ዛፉን የሚጎዱት በመመገብ ብቻ አይደለም፤ በሽታንም ይሸከማሉ። ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው በሜዲትራኒያን አገሮች የደረሰው የጥድ ቁስል በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሴይሪዲየም ካርዲናሌ የተባለ ሻጋታ በመጀመሪያ የታወቀው በ1928 በካሊፎርኒያ ሲሆን፣ በ1951 በጣሊያን ተመዘገበ። ሻጋታው በቁስል በኩል ገብቶ ልጡን ይገድላል፤ ከግንዱ ሙጫ ይፈስሳል፤ ከቁስሉ በላይ ያለው ክፍል ይደርቃል።

በዚህ በሽታ ስርጭት ውስጥ ነፍሳቱ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይሠራሉ። የጥድ ልጥ ሰርሳሪ ጢንዚዛ በደከመ ዛፍ ውስጥ ተራብቶ ሲወጣ፣ ለመመገብ ወደ ጤናማ ዛፍ ቀንበጥ ይበርራል፤ የሻጋታውንም ዘር አብሮ ያደርሳል። በፍሬው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ይፈጸማል። አንዲት ጥቃቅን ተርብ ዘሩ ውስጥ አድጋ ፍሬውን በስታ ትወጣለች፤ የዘር ፈሳሽ የሚመጥጥ ትኋን መሰል ነፍሳት እንቁላሉን ለመጣል በዚያች ቀዳዳ ይገባል፤ በሰውነቱ ላይ የተሸከመውም ሻጋታ ፍሬውን ይበክላል። እንግዲህ የዘር ተባይን ቸል ማለት የበሽታን በር ከፍቶ እንደ መተው ይቆጠራል።

የሐበሻ ጥድም የራሱ የዘር ተባይ አለው። ሜጋስቲግመስ ሶማሊየንሲስ የተባለችው ተርብ ዕጭ በዘሩ ውስጥ ተሸሽጎ የዘሩን ፍሬ ነገር ይበላል። ከላይ ሲታይ ዘሩ ሙሉ ይመስላል፤ ሲዘራ ግን አይበቅልም። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች መሬቱን ወይም ውኃውን ሲወቅሱ፣ ጥፋቱ አስቀድሞ በዛፉ ላይ ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ የዚህ ወገን ተርቦች በዘር ውስጥ እንዳሉ ከሀገር ወደ ሀገር፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሊጓዙ ይችላሉ።

መ. የሚቋቋም ዛፍ እንዴት ይገኛል?

በሽታና ተባይ በደን ውስጥ ሲያልፍ ሁሉንም ዛፍ እኩል አይመታም። ጎረቤቶቹ ደርቀው አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ዛፍ ይኖራል። ይህ ዛፍ በአጋጣሚ ያመለጠ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከወላጆቹ የወረሰው የመቋቋም ኃይል ሊኖረው ይችላል። የማዳቀልና የመምረጥ ሥራ ዓላማ ሁለቱን መለየት ነው። በኬንያ በፈረንጅ ጥድ ላይ የተካሄዱ ሙከራዎች ከተለያዩ እናት ዛፎች የተገኙ ችግኞች ክሽክሹን በመቋቋም ረገድ እንደሚለያዩና ልዩነቱም በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አሳይተዋል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ ይካሄዳል። በመጀመሪያ ክፉኛ በተጠቃ ደን ውስጥ ገብቶ ጤናማ ሆነው የተገኙትን፣ ግንዳቸውም ቀጥ ያለውን ዛፎች ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ባልተጠቃ ደን ውስጥ የሚደረግ ምርጫ ስለ መቋቋም የሚነግረው ነገር የለም። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ዛፍ ቀንበጥ ተቆርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ይሰካል፤ ዘሩም ለየብቻ ተለቅሞ ይዘራል። ከዚያም ችግኞቹ ሆን ተብሎ ለተባዩ ወይም ለበሽታው ይጋለጣሉ። በመጨረሻም ልጆቻቸው የተሻሉ ሆነው የተገኙት ወላጆች ብቻ ለዘር ምንጭነት ይቀመጣሉ።

በጣሊያን በፍሎረንስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በሜዲትራኒያን ጥድ ውስጥ የቁስል በሽታውን በተፈጥሮ የሚቋቋሙት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የዛፎቹን ልጥ አቁስለው ሻጋታውን በማስገባት ለዓመታት ተከታተሉ፤ ቁስሉን በአዲስ ልጥ ከልሎ የዘጋውን ዛፍ መረጡ። ከዚህ ሥራ ቦልጌሪ እና አግሪሜድ ቁጥር 1 የተባሉት የተመረጡ ዝርያዎች ተገኝተው ለተከላ ውለዋል።

ከሰሜን አሜሪካ የሚገኘው ልምድ ደግሞ ጥንቃቄን ያስተምራል። በ1910 ከፈረንሳይ በመጡ ችግኞች ላይ ተሳፍሮ ወደ ምዕራብ ካናዳ የገባው የነጭ ፓይን ዝገት በሽታ ሰፊ ደኖችን አጥፍቷል። በአይዳሆ ከ1950 ገደማ ጀምሮ በአር. ቲ. ቢንግሃም መሪነት በታመመው ደን መካከል ጤናማ ሆነው የተገኙት ዛፎች ተመርጠው እርስ በርስ ተዳቀሉ፤ የዘር ማፍሪያ እርሻም ተቋቋመ። ከዚያ የተገኙት ችግኞች ከተራው ችግኝ እጅግ የተሻሉ ቢሆኑም፣ በሽታው በበረታባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ መታመማቸው አልቀረም። መቋቋም ማለት ፈጽሞ አለመታመም ማለት አይደለም፤ ከሞት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድልን ከፍ ማድረግ ማለት ነው። ለሕዝብ የሚሰጠው ማብራሪያም ይህንኑ የጠበቀ መሆን ይገባዋል።

ዛፉን በሌላ ዓይነት ዛፍ መተካትም የታወቀ መፍትሔ ነው። በኬንያ ማክሮካርፓ የተባለው ጥድ በቁስል በሽታ በመጎዳቱ ተከላው ቆሞ በሉሲታኒካ ተተክቷል። በምሥራቅ አፍሪካ ራዲያታ ፓይን በቅጠል አድርቅ በሽታ ምክንያት በ1960ዎቹ ተትቶ በፓቱላ ፓይን ተለውጧል። ሆኖም በማክሮካርፓ ቦታ የገባው ሉሲታኒካ ከጊዜ በኋላ በክሽክሽ ተመትቷል። ዛፍን በዛፍ መለወጥ ጊዜ ይገዛል እንጂ፣ የዘር ምርጫን ሥራ አያስቀርም።

ሠ. የዛፍ ዘር ማፍሪያ እርሻ

የዛፍ ዘር ማፍሪያ እርሻ የሚባለው የተመረጡ ዛፎች ለእንጨት ሳይሆን ለዘር ብቻ ታስበው በሰፊ ርቀት የሚተከሉበትና እንደ አትክልት ስፍራ የሚያዝ ቦታ ነው። ሲቋቋም የሚከተሉት ነጥቦች መጠበቅ አለባቸው።

1. ጥድ የሚራባው በንፋስ በሚበንን የወንዴ ዱቄት ስለሆነ፣ እርሻው ካልተመረጠ የጥድ ደንና አጥር በጥቂቱ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር መራቅ አለበት። ያለዚያ የተመረጠችው እናት ካልተመረጠ አባት ትወልዳለች።

2. የወላጅ ዛፎች ቁጥር ሊያንስ አይገባም። ከሃያ እስከ ሠላሳ የሚደርሱ፣ ዝምድና የሌላቸው ወላጆች ቢኖሩ ይመረጣል። ከሦስት ወይም ከአራት ምርጥ ዛፎች ብቻ የሚገኝ ዘር ዛሬ ያለውን ክሽክሽ ቢቋቋምም፣ ነገ የሚመጣውን ሌላ በሽታ መቋቋሙ አጠራጣሪ ነው።

3. ከአንድ ወላጅ የተገኙ ዛፎች ጎን ለጎን መተከል የለባቸውም። የቅርብ ዘመዳሞች ሲዳቀሉ ባዶ ዘርና ደካማ ችግኝ ይበዛል።

4. የሐበሻ ጥድ በአብዛኛው ወንዱና ሴቷ በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚገኙ፣ ሁለቱም በተመጣጣኝ ቁጥር መኖራቸው መረጋገጥ አለበት።

በዚህ ረገድ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ተጠብቀው የቆዩት አሮጌ የሐበሻ ጥዶች ከፍተኛ ዋጋ አላቸው። በዙሪያቸው ያለው ደን ሲመነጠር እነርሱ ብዙ ድርቅና ብዙ ተባይ አሳልፈዋል። ከእነዚህ ዛፎች ዘር ለመልቀም የደብሩን አለቃና የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስቀድሞ ማነጋገርና ፈቃዳቸውን ማግኘት ግዴታ ነው። ዘሩም ከአንድ ደብር ብቻ ሳይሆን ከብዙ ደብሮች ቢሰበሰብ ይሻላል።

ረ. የዘር ማፍሪያውን ከተባይ መጠበቅ

የዘር ማፍሪያ እርሻ ጠባብ ቦታ ነው፤ ምርቱ ግን በሺህ ለሚቆጠር ሄክታር ይበቃል። ስለዚህ በሰፊ ደን ላይ የማያዋጣ ጥበቃ እዚህ ያዋጣል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ለመብሰል ሁለት ዓመት ያህል ስለሚወስድ ለተባይ የሚጋለጥበት ጊዜ ረጅም ነው።

የመጀመሪያው ጥበቃ ንጽሕና ነው። የበሰለው ፍሬ በየዓመቱ ሳይቀር መለቀም አለበት። በዛፉ ላይና በሥሩ የሚተው አሮጌ ፍሬ የሚቀጥለው ዓመት ተባይ ማደሪያ ነው። የደረቀና ሙጫ የሚያፈስስ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ከእርሻው ውጪ ይቃጠላል፤ መጋዙም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲተላለፍ ይጸዳል። የልጥ ጢንዚዛ የሚራባበት የተቆረጠ ግንድ በስፍራው መቀመጥ የለበትም።

ሁለተኛው ክትትል ነው። በደረቁ ወራት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ነጭ ጨርቅ ከቅርንጫፍ ሥር ዘርግቶ ቅርንጫፉን በዱላ መታ መታ በማድረግ የሚወድቀውን ክሽክሽ መቁጠርና መመዝገብ ያስፈልጋል። ጉንዳን በግንዱ ላይ በብዛት ሲመላለስ፣ ቅጠሉ ሲያጣብቅና ጥላሸት ሲለብስ ክሽክሽ መኖሩን ያመለክታል።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ከላይ የተጠቀሱት በቂ ሆነው ካልተገኙ ብቻ፣ በዘር ማፍሪያውና በችግኝ ጣቢያው ውስጥ፣ በሰለጠነ ሠራተኛና በመከላከያ ልብስ ሊረጭ ይችላል። ጥገኛ ተርቦችና ጢንዚዛዎች ክሽክሹን እየበሉ በሚታዩበት ጊዜ ግን ከመርጨት መቆጠብ ይሻላል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የኳራንቲን ጥበቃ ነው። የፓይን ሱፍማ ክሽክሽ ወደ ዚምባብዌ በ1962፣ ወደ ኬንያም በ1968 የገባው ለማዳቀያ ከአውስትራሊያ በመጡ የፓይን ቀንበጦች ላይ ነበር። ደኑን ለማሻሻል የመጣው ቀንበጥ ራሱ ተባዩን ይዞ ገባ። ስለዚህ ከውጭም ሆነ ከሌላ ወረዳ የሚመጣ ቀንበጥ ተለይቶ በተከለለ ቦታ ሳይቆይና ሳይመረመር ወደ ዘር ማፍሪያው መግባት የለበትም።

ሰ. በመስክ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች

የዘር ማፍሪያ እርሻ ተቋቁሞ በቂ ዘር እስኪሰጥ ብዙ ዓመታት ይወስዳል። ድርቅ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። እስከዚያው ድረስ በየወረዳው ሊፈጸሙ የሚችሉ ቀላል እርምጃዎች አሉ።

1. ዘር ለመልቀም ቀላል ስለሆነ ብቻ ከመንገድ ዳር ወይም አጭር ከሆነ ዛፍ አይለቀም። በአንድ የዘር ለቀማ ከሃያ የማያንሱ፣ እርስ በርሳቸው የተራራቁ፣ ጤናማ ዛፎች ይመረጡ።

2. በእያንዳንዱ የዘር ከረጢት ላይ የተለቀመበት ቦታ፣ ከፍታውና ቀኑ ይጻፍ። መነሻው ያልታወቀ ዘር ወደ ችግኝ ጣቢያ አይግባ።

3. ከመዝራት በፊት ጥቂት ዘሮች በምላጭ ተሰንጥቀው ይታዩ። ባዶ ወይም ዕጭ ያለባቸው ከበዙ ዘሩ ይጣል፤ ችግኝ አሳዳጊው ለከንቱ ድካም አይዳረግ።

4. የፈረንጅ ጥድ ብቻውን ሰፊ ተራራ አይሸፍን። ከሐበሻ ጥድ፣ ከወይራ፣ ከኮሶና ከሌሎች የአካባቢው ዛፎች ጋር እየተፈራረቀ ይተከል።

5. የጥድ አጥር የክሽክሽ መደበቂያ ስለሚሆን በክትትሉ ውስጥ ይካተት። ከተጠቃ ወረዳ ወደ ጤናማ ወረዳ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ለገና በዓል የሚቆረጠውም ጭምር፣ እንዳይጓጓዝ ሕዝቡ ይመከር።

6. ደን በክሽክሽ ሲጠቃ ሁሉንም ዛፍ ወዲያውኑ መቁረጥ አይገባም። አረንጓዴ ሆነው የሚቀሩት ዛፎች ለወደፊቱ የዘር ምንጭ ሊሆኑ ይችላሉና፣ ምልክት ተደርጎባቸው ቢያንስ ሁለት የበጋ ወራት ይጠበቁ።

የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ሊሰመርበት ይገባል። ደን ሲደርቅ የሚታየው ጥድፊያ እንጨቱ ከመበላሸቱ በፊት ቆርጦ ለመሸጥ ነው። በዚህ ጥድፊያ ከደረቁት ጋር አብሮ የሚወድቀው አረንጓዴ ዛፍ ምናልባት በዚያ ተራራ ላይ ተባዩን የሚቋቋም ብቸኛው ዛፍ ሊሆን ይችላል። እርሱ ከተቆረጠ የሚቀጥለው ተከላ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለአንድ ዛፍ ቀለም ቀብቶ፣ ቁጥር ሰጥቶና ለአካባቢው ኗሪዎች ምክንያቱን አስረድቶ ማቆየት የሚጠይቀው ወጪ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ከእርሱ የሚገኘው ዘር ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ደን ሊያቆም ይችላል።